ጥቅምት ሚካኤል፣ ዕለቱ እሑድ

«መቼ ተወለድኩ?» ብሎ እናቱን የጠየቀ ልጅ ሁልጊዜ ቍጥር አያገኝም። «በጥቅምት ሚካኤል፣ እሑድ ቀን፤ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሊገባ ዓመት ሲቀረው» ልትለው ትችላለች። ስልክ ላይ የሚጫነው የዕድሜ ማስያ ከዚህ መልስ ምንም አይጨብጥም። ቀን፣ ወርና ዓመት ሲሞሉለት ግን ስንት ቀንና ስንት ሰከንድ እንደ ኖርን ይዘረዝራል፤ ኮከባችንንም ይጨምርበታል። ባሕረ ሐሳብን ዛሬ የምመዝነው በዚህችው እናት መልስ ነው።

ባሕረ ሐሳብ በትውፊት ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጥ የዘመን ቀመር ነው። የተሰናዳው ጾሙ የሚገባበትን፣ ስቅለትና ትንሣኤ የሚውሉበትን ቀን ለማወቅ እንጂ ለልደት አይደለም። ሆኖም የማንኛውንም ዓመት መባቻ ዕለት ያወጣል፤ ለልደት ፈላጊም የሚጠቅመው ይኸው ነው።

መንገዱ አጭር ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም ይገኛል። ይህ ለ4 ሲካፈል ድርሻው መጠነ ራብዒት ይባላል፤ ቀሪው ወንጌላዊውን ይነግራል፦ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ዮሐንስ። ዓመተ ዓለሙና መጠነ ራብዒቱ ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ፣ 1 ከተረፈ መስከረም 1 ማክሰኞ ይውላል፣ 2 ከተረፈ ረቡዕ፤ እንዲህ እያለ ሄዶ ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው።

የእናቲቱን መልስ በ1976 እንፈትነው። ዓመተ ዓለሙ 7476፣ መጠነ ራብዒቱ 1869፣ ድምሩ 9345፤ ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ዓመቱ ሰኞ ገባ ማለት ነው። ጥቅምት ሚካኤል ጥቅምት 12 ነው፤ ከመስከረም 1 እስከዚያ ያሉት 41 ቀናት አምስት ሳምንት ከስድስት ቀን ስለሆኑ ዕለቱ እሑድ ይሆናል። ጥቅምት ሚካኤል እሑድ የዋለባቸው ለ1976 የሚቀርቡት ሌሎች ዓመታት 1971 እና 1982 ናቸው፤ ሁለቱም ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ጋር አይገጥሙም። ስለዚህ ልጁ የ1976 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ተወለደ። እናት በቍጥር ያልሰጠችው ዓመት በንግግሯ ውስጥ ነበረ።

ስልኩ በዚህ ፈተና ይወድቃል። የኢትዮጵያን አቈጣጠር የማያውቅ ማስያ «1976» ሲባል እንደ አውሮፓውያን ቈጥሮ በዚህ ልጅ ላይ ሰባት ዓመት ይጭንበታል። ጳጉሜ 6 የተወለደ ሰውማ ይብስበታል፦ ቀኑ ወደ ሴፕቴምበር 11 ስለሚመነዘር ከአራት ዓመት በሦስቱ ስልኩ «እንኳን ተወለድክ» የሚለው በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። በባሕረ ሐሳብ ግን ጳጉሜ 6 የሚመጣው በዘመነ ሉቃስ ብቻ ነው።

ባሕረ ሐሳብ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ትልቁ ድክመቱ የአንድ ቀን ስሕተት የማይሸከም መሆኑ ነው። እናት «ለሰኞ አጥቢያ» ያለችውን ልጅ «ሰኞ» ብሎ ከያዘው፣ ቀመሩ ያለ ይሉኝታ ወደ 1977 ይወስደዋል፤ ያኔም ጥቅምት 12 ሰኞ ነበረ። እናቱ «በረመዳን» ያለችው ልጅ ደግሞ የጨረቃ አቈጣጠር ያስፈልገዋል። ሁለተኛው እንከን ከአቀራረቡ ነው፤ ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ የሚሉት ቃላት በቃል ለሚያጠና የቆሎ ተማሪ እንጂ ለሌላው እንግዳ ናቸው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ቀመሩን በአማርኛ መጽሐፍ ማቅረባቸው ይህን በር በሰፊው ከፍቶታል። ሦስተኛው የአንባቢ ጥፋት ነው፦ ብዙ ሰው ይህን ሥራ ከዐውደ ነገሥት ጋር ያደባልቀዋል። ዐውደ ነገሥት የስም ፊደል ቈጥሮ ዕጣ ይተነብያል፤ ባሕረ ሐሳብ ስለ ዕጣ አንዳች አይናገርም፣ ዕለት ብቻ ይሰጣል።

ፍርዴ ይህ ነው፦ የተወለደበትን ቀን አስተካክሎ ለሚያውቅ ሰው ስልኩ ይበቃዋል። በስደት መዝገብ «ጃንዋሪ 1» ለተጻፈለት፣ ትክክለኛ ቀኑን ለሚፈልግ ግን ባሕረ ሐሳብ ይሻለዋል። እናት በሕይወት ካለች አራት ነገር ጠይቆ መጻፍ ነው፦ የትኛው ታቦት፣ የትኛው ዕለት፣ ቀን ወይስ ሌሊት፣ በዓመቱ ምን ሆነ። የቀረው ማካፈል ብቻ ነው።