ለጆሮ የሚራራ ድራም

ኤሌክትሮኒክ ድራም የተጫዋቹን ጆሮ ከጉዳት ለመጠበቅ ከሚረዱ የሙዚቃ መሣሪያዎች አንዱ ነው። አኩስቲክ ድራም በኃይል ሲመታ ድምፁ ከ100 ዲሲቤል ያልፋል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም የሚመክረው ጣሪያ 85 ዲሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ ድምፁ 3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ለ100 ዲሲቤል የሚተርፈው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ህዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

በኤሌክትሮኒኩ ድራም ከሚመታው ሰሌዳ (ፓድ) ሥር ያለው ሴንሰር ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል፤ ድምፅ አመንጪው ሞጁልም የምቱን ጥንካሬ ለክቶ ተመጣጣኙን ድምፅ በሄድፎን ያሰማል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የእንግሊዙ ሲሞንስ ኩባንያ ድራም ፓዱ ደረቅ ስለነበር የእጅ አንጓ ያሳምም ነበር። ሮላንድ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ባቀረበው ቪ-ድራምስ ላይ የተወጠረው መረብ ግን በትሩን እንደ ከበሮ ቆዳ ያነጥራል፤ ጩኸቱም አነስተኛ ነው።

የመሣሪያው ትልቁ ጸጋ የምቱን ኃይል ከድምፁ መጠን መለየቱ ነው። ተለማማጁ በሙሉ ክንዱ እየመታ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ጎረቤትም ብዙ አይረበሽም። ሄድፎኑ ከልክ በላይ ከተከፈተ ግን ጥበቃው ከንቱ ይሆናል።