ለሚወድቅ ሰው የተመደቡ ሰዎች

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። የአሬታ ፍራንክሊንን «አሜዚንግ ግሬስ» ፊልም የከፈትኩትም ለቴክኒኩ ብዬ ነበር። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በጥር 1972 ሎስ አንጀለስ፣ ዋትስ ሰፈር፣ በአንድ የጥቁሮች ባፕቲስት ቤተክርስቲያን በሁለት ምሽት ተቀረጸ። የሲድኒ ፖላክ ቡድን ክላፐር ስላልተጠቀመ ግን ድምፁና ምስሉ አልገጥም አለ። አልበሙ በዚያው ዓመት ወጣ፤ ፊልሙን ሰው ያየው በ2018 ነው።

ለቴክኒኩ ገብቼ ለቅሶው ላይ ቀረሁ።

ርዕስ የሆነው መዝሙር ሲዘመር፣ ምሽቱን የሚመሩት ሬቨረንድ ጄምስ ክሊቭላንድ አልቻሉም፤ ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነው ያለቅሳሉ። «በቃ፣ በቃ» የሚላቸው የለም። መዝሙሩም አይቆምም።

አባቴ የሞተ ጊዜ ድንኳን ተጥሎ ነበር፤ ንፍሮው፣ ቡናው፣ ካርታው አልቀረም። እኔ ማልቀስ ስጀምር ግን «አንተ ወንድ ነህ፣ እናትህን አጽናና» ተባልኩ። እሺ ብዬ ዋጥኩት። ይኸው አራት ዓመት ሆነኝ።

ፊልሙን የምወቅስበት ነገር አለኝ። ነሐሴ 1965 ዋትስ ውስጥ ፖሊስ አንድ ጥቁር አሽከርካሪ አስቁሞ በተነሳው ግጭት፣ በስድስት ቀን 34 ሰው ሞቷል። ፊልሙ ስለዚህ አንድም ቃል አይነግረንም። ይህን የማያውቅ ተመልካች ጥሩ ኮንሰርት አይቶ ይወጣል፤ እዚያ አግዳሚ ላይ የሚያለቅሰው ሰው ምን ተሸክሞ እንደመጣ አይገባውም።

«ቤተክርስቲያን ቁስልን ታሽራለች» የሚለው ንባብም አይዋጥልኝም። በማግስቱ ፖሊሱም ሥራ አጥነቱም እዚያው ናቸው። የማደንቀው ሌላ ነገር ነው። በብዙ የጥቁሮች ቤተክርስቲያን ነጭ የለበሱ ሴቶች ይቆማሉ፤ ሥራቸው ስሜት የጣለውን ሰው መደገፍ፣ ማራገብ፣ መሀረብ ማቀበል ነው። ሰው እንደሚወድቅ አስቀድሞ ታውቆ፣ የሚይዘው ሰው ተመድቧል ማለት ነው። እኛም ጥሩ ሲስተም የምንለው የማይወድቀውን አይደለም፤ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ የታሰበበትን ነው። በእኛ ድንኳን ወንበር ተቆጥሯል፣ እድር ተጠርቷል፤ ለእኔ ለቅሶ ግን ቦታ አልተያዘም ነበር።

በሁለተኛው ምሽት አባቷ፣ ሬቨረንድ ሲ. ኤል. ፍራንክሊን፣ ከመቀመጫቸው ተነስተው ፒያኖ ላይ ያለች ልጃቸውን ላብ ከፊቷ ይጠርጉላታል። እሷ መዝሙሯን አላቋረጠችም።

እዚህ ጋ አቁሜ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስለ አባዬ አወራን። ድምፄ ሲሰበር «አይዞህ» ልትለኝ ስትጀምር፣ «ቆይ እማዬ፣ ትንሽ ላልቅስ» አልኳት።

ስልኩን አልዘጋችውም።