ናፍጣ ጋቢና አይገባም

የናፍጣ ግፊት ጌጅ የተገጠመለት አይሱዙ ሲመጣ ባለመኪናውም ረዳቱም የሚያደንቁት ዳሽቦርዱን ነው። መብራቱ በርቷል፣ መርፌው ይንቀሳቀሳል፤ «እጁ ይባረክ» ተብሎ ይከፈላል። እኔ መርፌውን አላይም፤ እጄን ከጌጁ ጀርባ እሰዳለሁ። ከሴንሰር የመጣ ሽቦ ካገኘሁ ወሬው ይቀጥላል፤ ናፍጣ የያዘ ቱቦ ካገኘሁ ሥራው ወድቋል። ግፊቱ የሚለካው ከፊልትሮው በኋላ ከፖምፓው በፊት እንደሆነ፣ ወደ ኢንጄክተር የሚሄደው መስመር እንደማይነካ ለመካኒክ መንገር ነውር ስለሆነ አልፌዋለሁ።

«ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይደለም፣ ክብሪት ቢጫርበትም አይያያዝም» ይሉኛል። ሳህን ላይ ለተቀመጠ ናፍጣ እውነት ነው፤ ተኑ እንዲቀጣጠል ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። በግፊት ከጠባብ ስንጥቅ የሚወጣው ግን ጉም ሆኖ ይረጫል፣ ጉም ደግሞ ያን ገደብ አይጠብቅም። ኢንጄክተር ናፍጣውን የሚያደቀው ለምን ሆነና! እሳቱም ይቅር፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ካምባ በሚወስደው ተራራማ መንገድ ቁልቁለት ላይ ሾፌሩ ናፍጣ በነካው ሶል ፍሬን ሲረግጥ አስቡት። «ቱቦው ወፍራም ነው» የሚለውም አያስኬድም። የአይሱዙ ኤንፒአር ሞተር ከጋቢናው ሥር ነው፤ ለሥራ ጋቢናው ወደ ፊት በተደፋ ቁጥር ቱቦው ያችው ቦታ ላይ ይታጠፋል፣ መንገዱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከቆርቆሮው ጠርዝ ጋር ያፋትገዋል። ሽቦም ይፋተጋል፤ ለዚህ ነው ቀዳዳው ላይ ጎማ፣ መስመሩ ላይ ፊውዝ የምጠይቀው።

የሚከብደው መከራከሪያ የዋጋው ነው፤ ሴንሰር ያለው ጌጅ ውድ ነው። ገንዘብ ያጠረው ሜካኒካሉን ጌጅ ከፊልትሮው አጠገብ ሻንሲው ላይ ይሰር፣ ቆሞም ያንብበው። ፊልትሮ መደፈኑ የሚታወቀው ጭነት ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ነውና ትልቁ ጥቅም እንደሚቀር አልክድም። ቢሆንም ግማሽ መረጃ ይዞ መሄድ እግር ሥር ናፍጣ ከማንጠባጠብ ይሻላል።

ፖምፓ፣ ፊልትሮ፣ ጋቢና የሚሉትን የጣልያን ቃላት ያወረሱን የድሮ መካኒኮች መገጣጠሚያ ላይ ቴፍሎን አያበዙም ነበር፤ ብጣሹ ፖምፓ ውስጥ ይገባላ። አለማፍሰሱን ማረጋገጫቸውም ጋዜጣ ነበር። መኪናው ዳገት ወጥቶ በጋለ ሞተር ሲመለስ መገጣጠሚያውን በደረቅ ጋዜጣ ይጠርጉና ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ያነሱት ነበር። ናፍጣ የነካው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል።