ስሙ ያልተጠራበት መጽሐፍ

መጽሐፈ አስቴር በዕብራይስጡ ዐሥር ምዕራፍ ነው። ከነዚህም በአንዱ እንኳ የእግዚአብሔር ስም አይገኝም። ጾም አለ፤ ማቅና ዐመድ አለ፤ ወደ ማን እንደ ተጾመ ግን ደራሲው አንድ ቃል አይናገርም። የፋርሱ ንጉሥ የአርጤክስስ ስም ግን ሲደጋገም ይሰማል።

ይህ ዝምታ ብዙ አንባቢዎችን ሲያስጨንቅ ኖሯል። ከሁሉ ይልቅ የተጨነቁት መጽሐፉን ወደ ጽርእ የመለሱትና ያስፋፉት ሰዎች ይመስሉኛል። በመጀመሪያው ላይ የመርዶክዮስን ሕልም ጨመሩ፤ በመካከሉ የመርዶክዮስንና የአስቴርን ጸሎት አገቡ፤ በመጨረሻውም የሕልሙን ፍች አስቀመጡ። ጭማሪው ከመቶ ቍጥር ይበልጣል። የእኛም የግዕዙ አስቴር ከጽርእ የተመለሰ ስለ ሆነ አባቶቻችን ያነበቡት ይህንኑ ሰፊውን ነው። የአስቴር ጸሎት መልካም ጸሎት ነው፤ በመከራ ላለ ሰው አፍ ይሆነዋል። እኔ እዚህ ላይ የምመረምረው የሃይማኖቱን ነገር ሳይሆን የአተራረኩን ነው፤ በአተራረክ በኩል ግን መከራ ያገኘውን ሰው ይበልጥ የሚያውቀው ዐጭሩ መጽሐፍ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ በስድስተኛው ምዕራፍ መግቢያ ላይ ይታያል። ሐማ መርዶክዮስን ሊሰቅልበት ቁመቱ 50 ክንድ የሆነ መስቀያ አሠርቶ፥ ሲነጋ ንጉሡን ለማስፈቀድ ተዘጋጅቷል። በዚያች ሌሊት ንጉሡ እንቅልፍ ዐጣ። ዕብራይስጡ ይህን ብቻ ብሎ ያልፋል። ጽርኡ ግን እንቅልፉን የነሣው ጌታ መሆኑን ይጨምራል። ጭማሪው ሐሰት አይደለም፤ እኛም ብንሆን ታሪኩን ጨርሰን ስንመለስ እንደዚያው ማሰባችን አይቀርም። ዳሩ ግን በዚያች ሌሊት በሱሳ ከተማ ይህን የሚያውቅ ማን ነበር? ንጉሡ የሚያውቀው እንቅልፍ ማጣቱን ብቻ ነው። መርዶክዮስም ንጉሡ መንቃቱን እንኳ አልሰማም። ጽርኡን የሚያነብ ሰው ከመርዶክዮስ በላይ በሰገነት ላይ ተቀምጦ ያያል፤ ዕብራይስጡን የሚያነብ ግን ከእርሱ ጋር በጨለማው ውስጥ ይቈያል።

ንጉሡ በዚያች ሌሊት ያስነበበው የታሪክ መጽሐፍም የራሱ ነገር አለው። አስቴር ዘውድ የጫነችው አርጤክስስ በነገሠ በ7ኛው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጃንደረቦች ንጉሡን ሊገድሉ ሲማከሩ መርዶክዮስ ሰምቶ አስታወቀ፤ ነገሩም ተመርምሮ በመጽሐፍ ተጻፈ። ተጽፎም ቀረ። ወዲያው ቀጥሎ የምናነበው የመርዶክዮስን ሽልማት ሳይሆን የሐማን ሹመት ነው። ሐማ በአይሁድ ላይ ዕጣ ያስጣለው በ12ኛው ዓመት ነውና፥ ያ ውለታ እስከዚያ ድረስ ተረስቶ ነበር። በጊዜው ካባና ፈረስ ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ በዚያች ሌሊት የሚነበብ ያልተከፈለ ውለታ ባልተገኘም ነበር። ይህን ግን የምንናገር እኛ ነን። ደራሲው በመዘግየቱ ውስጥ ምስጢር አለና ታገሥ ብሎ ለመርዶክዮስ ሹክ አላለውም፤ በንጉሡ በር ተቀምጦ ሐማ ሲያልፍ እንዲያይ ተወው።

በአገራችን በልቅሶ ቤት «ለበጎ ነው» የሚል ቃል አለ። ቃሉን አልጠላውም፤ ብዙ እናቶች በእርሱ ተደግፈው ቆመዋል። ነገር ግን ማን ሲለው ነው? ልጅዋን ቀብራ የተመለሰች ሴት ራስዋ ብትለው ሃይማኖት ነው። ቡናውን ጠጥቶ ሊሄድ የተነሣ ጎረቤት ሲላት ግን የጽርኡን ጸሐፊ ሥራ መሥራቱ ነው፤ እርስዋ ገና በሕልሙ ውስጥ ሳለች ፍቹን ያነብላታል። እንዲህ ያለው ሰው ስለ እግዚአብሔር የተናገረ ይመስለዋል፤ ያናገረው ግን የዝምታው ክብደት ነው።

መርዶክዮስ ይህን አላደረገም። አስቴር ሳይጠሩዋት ወደ ንጉሡ መግባት ሞት መሆኑን፥ ከተጠራችም 30 ቀን ማለፉን ልካበት ነበር። ሲመልስላት ሁለት ነገር ይናገራል። እርስዋ ዝም ብትል እንኳ ለሕዝቡ መዳን ከሌላ ስፍራ እንደሚመጣ ያለ ጥርጥር ይነግራታል፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አይናገርም። ንግሥት የሆነችውም ለዚህ ቀን እንደ ሆነ ማን ያውቃል ብሎ በጥያቄ ብቻ ያቀርብላታል። በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የተመዘነ ንግግር አላገኘሁም። መዳኑን ያምናል፤ መንገዱን ግን አውቃለሁ አይልም። እርስዋም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ሳትጠይቅ ሦስት ቀን እንዲጾምላት አዝዛ ገባች።

ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ደግሞ የደብዳቤዎቹ ቀን ነው። ግዛቱ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ 127 አገር ነበር። የሞቱ ደብዳቤ በመጀመሪያው ወር በ13 ቀን ተጻፈ፤ ቀጠሮውም ለ12ኛው ወር 13 ቀን ሆነ። ሐማ ራሱ ባሠራው መስቀያ ላይ ተሰቀለ፤ ደብዳቤው ግን አልተሻረም፤ በንጉሥ ቀለበት የታተመ አይሻርምና። የሚያድነው ሁለተኛው ደብዳቤ የተጻፈው በሦስተኛው ወር በ23 ቀን ነው፤ በፈጣን ፈረስም ተላከ። እንግዲህ በግዛቱ ዳር፥ በኢትዮጵያ በኩል የነበረ አይሁዳዊ ሐማ ከሞተም በኋላ ማቁን እንደ ለበሰ፥ ዐመዱ ላይ እንደ ተቀመጠ ነበር። ያመነውም ተስፋ የቈረጠውም በዚያው ዐመድ ላይ ነበሩ። ፈረሱ መነሣቱን ከሁለቱ አንዱም አያውቅም።

መጽሐፉ ሁሉን አሳምሮ አላቀረበም። በመጨረሻ የተገደሉት ጠላቶች በዕብራይስጡ 75,000፥ በጽርኡ 15,000 ናቸው፤ ቍጥሩን የቀነሰው ሰው እርሱም ሳይከብደው አልቀረም። እዚህ ላይ «ለበጎ ነው» የሚል ቢኖር አልከተለውም። ጽርኡ ወንዙ አስቴር ናት፥ ሁለቱ ዘንዶዎች ሐማና መርዶክዮስ ናቸው እያለ ሕልሙን አንድ በአንድ ፈትቶ ይጨርሳል። ዕብራይስጡ ግን ሲያበቃ መርዶክዮስ ከንጉሡ ሁለተኛ እንደ ሆነ፥ ንጉሡም በምድርና በባሕር ደሴቶች ላይ ግብር እንደ ጣለ ይነግረናል። ሕዝቡ ወደ አገሩ ተመለሰ አይልም። አስቴርም ተወስዳ በገባችበት ቤት ቀረች። ግብሩ ሲጣል አይሁድ ከግብሩ ነፃ ወጡ የሚል ቃልም የለበትም።