ወንድም የሚሉት ማንን ነው?

ከወላጆቹ ቤት ርቆ በትምህርት ቤት የሚኖር ወጣት ወንድም ይሻል። ፍላጎቱ ነውር የለበትም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሏልና። ነገር ግን ወንድም የሚሉት ማንን እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በአሜሪካ ኮሌጆች በግሪክ ፊደላት የሚጠሩ የተማሪዎች ማኅበራት ከጥንት ጀምሮ አሉ፤ ፋይ ቤታ ካፓ የተባለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1776 ተመሠረተ። ከእነርሱ በኋላ ከተነሡት የወንድማማች ማኅበራት ብዙዎቹ በመጠጥና አዲስ ገቢን በማሠቃየት ስማቸው ጎደፈ፤ በዚሁ ጠንቅ የሞቱ ወጣቶች አሉ። በራቸውም ለሁሉ አልተከፈተም ነበርና፥ ጥቁር ተማሪዎች በ1906 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አልፋ ፋይ አልፋ የተባለውን የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ።

በ2013 ደግሞ በዳላስ በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሙስሊም ተማሪዎች አልፋ ላምዳ ሙ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ስሙ በብልሃት የወጣ ነው፤ ሦስቱ የግሪክ ፊደላት ስድስት የቁርኣን ምዕራፎች ከሚጀምሩባቸው ከአሊፍ፥ ከላምና ከሚም ጋር ይገጥማሉ። መጠጥንም ከደጃቸው አስወጡ። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ወጣት ሳይሰክር ሊደሰት እንደሚችል ለእኩዮች ማሳየት ቀላል ሥራ አይደለምና።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳልነቅፍ አላልፍም። መጠጡ ቢወጣም የቤቱ ሥርዐት ቀርቷል። የዚህ ዐይነት ማኅበር ጠባዩ መምረጥ ነው፤ ከሚያመለክቱት አንዱን ይቀበላል፥ ሌላውን ይመልሳል። ቀድሞ በሌሎች በር ላይ የቆመ ሰው የራሱን በር ሲሠራ፥ የመዝጊያውን ቍልፍም አብሮ እንደሚይዝ መርሳት የለበትም።

የእስልምና ታሪክ ራሱ ሌላ ምሳሌ ይሰጣል። በ622 ነቢዩ መሐመድ ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ ስደተኛውን ከአገሬው ጋር ሁለት ሁለት እያደረጉ ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ኢብን ረቢዕ ለስደተኛው ለአብዱራሕማን ኢብን ዐውፍ ከሀብቱ እኩሌታውን ሊያካፍለው ፈቀደ፤ አብዱራሕማን ግን መረቀውና የገበያውን መንገድ ብቻ ጠየቀው ይባላል። ከባርነት የወጣው ሐበሻው ቢላልም በዚያ ሥርዐት ወንድም አላጣም። ሰዕድ ወንድሙን መርምሮ አልመረጠም፤ የተሰጠውን ተቀበለ። እንግዳውም በወንድሙ ሀብት ላይ አልተደላደለም።

ሰው ሁሉ የሚግባባውን ባልንጀራ መምረጡ የተፈጥሮ ነው የሚል አይታጣም። እውነት ነው፤ ባልንጀራ ይመረጣል። ወንድም ግን የሚወለድ ወይም የሚሰጥ እንጂ በድምፅ ብልጫ የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ለተመረጡ ባልንጀሮች የወንድምን ስም የሚሰጥ ማኅበር ከስሙ ጋር ዕዳውንም ተቀብሏል።

ወጣቶች ሆይ፥ በየትም አገር፥ በየትኛውም እምነት ማኅበር ብታቋቁሙ፥ በመዘናችሁት ጊዜ ይህን ጠይቁ፤ የመለሳችሁት ልጅ በዚያ ማታ ራቱን ከማን ጋር በላ?