ከተጫዋቹ ጀርባ ያለው ዓለም

የገበያ ዋጋና የጥበብ ዋጋ በአንድ ሚዛን እንደማይለኩ ለማስረዳት የግድ ሥዕል ወይም ልብ ወለድ መጥቀስ አያስፈልግም። የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ፎቶግራፍ የታተመባቸው ትንንሽ ካርዶች ይበቃሉ። ካርዱ በመዳፍ የሚያዝ ወፍራም ወረቀት ነው፤ በፊቱ የተጫዋቹ ፎቶግራፍ፣ በጀርባው ቁመቱ፣ ክብደቱና ያስቆጠረው ነጥብ ሰፍሮበታል። በታሸገ ፓኬት ይሸጣል፤ ገዢው የማን ካርድ እንደደረሰው የሚያውቀው ፓኬቱን ሲቀድ ነው።

ውዱን ሁሉም ያውቀዋል። ፍሊር የተባለው ኩባንያ ለ1986-87 የውድድር ዘመን ያሳተመው የማይክል ጆርዳን ካርድ፣ አንዳች እንከን ያልተገኘበት ቅጂው በ2021 በጨረታ 738,000 ዶላር አውጥቷል (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የእኔ ጉዳይ ግን በ1990ዎቹ መባቻ የታተሙት፣ ዛሬ በካርቶን ቢገዙ እንኳ ኪስ የማይጎዱት ካርዶች ናቸው።

ለምን ረከሱ ቢሉ፣ ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጥንት ካርዶች የተወደዱት ልጆች ሲጫወቱባቸው አልቀው ጥቂት ብቻ በመትረፋቸው ነበር። ይህን ያየ ሁሉ «ነገ ያከብረኛል» እያለ አዲሱን እየገዛ አኖረ፤ ኩባንያዎቹም ያለ ልክ አተሙ። ሁሉም ተጠንቅቆ ስላስቀመጠው አንዱም ብርቅ ሳይሆን ቀረ። ሰብሳቢዎች ራሳቸው ያንን ዘመን የሚጠሩት «የቆሻሻ ዘመን» ብለው ነው።

ይህ ግን የነጋዴ ፍርድ ነው። ሂስ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለመሆኑ ካርዱ ምን ያሳያል?

ሁፕስ የተባለው ኩባንያ ለ1990-91 ያወጣቸውን እንውሰድ። ብርማ ክፈፍ፣ በመካከሉ በጨዋታ ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ አለ። ዲዛይኑ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ፎቶግራፉ ተጫዋቹን ከቦታው አልነጠለውም፤ ተመልካቹም፣ ተጋጣሚውም አብረው ገብተዋል። የኒውዮርክ ኒክሱ የማርክ ጃክሰን ካርድ ለዓመታት ማንም ዞር ብሎ ያላየው ነበር። በ2018 ግን ከጃክሰን ጀርባ፣ ከሜዳው ጠርዝ የተቀመጡት ሁለት ወጣቶች ላይልና ኤሪክ ሜንዴዝ መሆናቸው ታወቀ። እነዚህ ወንድማማቾች በነሐሴ 1989 በቤቨርሊ ሂልስ እናትና አባታቸውን ገድለው፣ በመጋቢት 1990 እስኪያዙ ድረስ ገንዘብ ሲበትኑ የከረሙ ናቸው። ፎቶግራፍ አንሺው ኳስ የያዘውን ሰው አነሣ፤ ካርዱ ግን ሌላ ታሪክ ይዞ ኖረ።

የሳም ቪንሰንት ካርድም እንዲሁ ነው። በየካቲት 1990 በኦርላንዶ ከተማ የጆርዳን ማሊያ ከጨዋታው በፊት ተሰረቀና ጆርዳን በ23 ፈንታ ስም ያልተጻፈበት 12 ቁጥር ለብሶ ተጫወተ። ያ ሌሊት የተቀረጸው በተከላካይነት በቆመበት በቪንሰንት ካርድ ላይ ነው። ኩባንያው ቆየት ብሎ ፎቶግራፉን ጆርዳን በሌለበት ሌላ ፎቶግራፍ ተክቶታል።

ርካሽነት ሌላም ጥቅም አለው፤ ማነጻጸር ያስችላል። የናይጄሪያው ተወላጅ ኦላጁዋን በ1990-91 ካርዶች ላይ «አኪም» ነው፤ በ1991-92 ካርዶች ላይ «ሐኪም» ይሆናል። በመካከሉ፣ በመጋቢት 1991፣ ስሙ በትክክል እንዲጻፍለት ጠይቆ ነበር። አንድ ፊደል ብትሆንም፣ ለእኛ ጆሮ ልዩነቷ ቀላል አይደለም፤ ያለ እርሷ ጥበብን የሚያመለክተው ስም ትርጉም የሌለው ድምፅ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነው።

በዚያው በ1990-91 ብቅ ያለው ስካይቦክስ በተቃራኒው መንገድ ሄደ። ተጫዋቹን ከፎቶግራፉ ቆርጦ በኮምፒዩተር በተሠራ ደማቅ ኅብረ ቀለም ላይ ለጠፈው። የዘመኑን የኮምፒዩተር ፍቅር ስለሚያሳይ የራሱ ውበት የለውም አልልም። ዳሩ ግን ሜዳው ጠፋ፣ ተመልካቹ ጠፋ፤ ሰውየው ብቻውን በባዶ ተንሳፈፈ። ነገሩ እየከፋ ሄዶ፣ በ1997-98 ሜታል ዩኒቨርስ በተባለው ዕትም ከአንዳንዱ ካርድ መቶ ብቻ አትሞ ቁጥር መስጠት መጣ፤ የመጀመሪያዎቹ 10 አረንጓዴ፣ የቀሩት 90 ቀይ። ብርቅነት ከጊዜ የሚገኝ መሆኑ ቀርቶ በፋብሪካ የሚመረት ሆነ ማለት ነው። ገበያው የሚያከብረው ይህንኑ ነው።

ሁፕስ ለእውነት የቆመ ኩባንያ ነበር ማለቴ አይደለም። ዓላማው መሸጥ ነበር፤ በካርዶቹ ላይ ሁሉም ተጫዋች ጀግና ነው። እውነቱ ሾልኮ የገባው ኩባንያው ጀርባውን ለማጽዳት ስላልደከመ ብቻ ነው። በ2018 ያ ነገር ከታወቀ ወዲህ የጃክሰንን ካርድ በግድያው ስም የሚቸበችቡ ሻጮች ተነሡ፤ ያ ደግሞ ገበያው የሰለጠነበት ሌላ ሥራ ነው።

ስለዚህ እነዚህን ርካሽ ካርዶች የሚሰበስብ ሰው ዋጋቸው እስኪወጣ ባይጠብቅ መልካም ነው። የካርዶቹን ጥቅም ዛሬውኑ ሊያገኘው ይችላል፤ የሚፈለግበት የታወቀውን ተጫዋች ለጊዜው ትቶ፣ ከኋላ የተቀመጡትን አንድ በአንድ ማየት ነው።