ባሕር ዳርን ለሁለት የሚከፍለው ዝርዝር

ክልልዎን ይምረጡ። ከተማዎን ይምረጡ። የትውልድ ወርዎን ይምረጡ። ኮምፒውተር ላይ ቅጽ ስንሞላ አብዛኛው ሥራችን መጻፍ ሳይሆን ከተደረደረ ነገር ውስጥ መምረጥ ነው። ዝርዝሩ ታዲያ ከሰማይ አይወርድም። አንድ ፕሮግራመር ከመሥሪያ ስብስብ ውስጥ አውጥቶ፣ ስሞቹን ሞልቶ፣ ቅንብሩን አስተካክሎ ወይም ሳያስተካክል ያስቀመጠው ነው።

ዛሬ የምንተቸው ከእነዚህ ዝርዝሮች አንዱን፣ የቲኬን «ሊስትቦክስ» ነው። ቲኬ መስኮት፣ አዝራርና ዝርዝር የሚሠሩበት ስብስብ ሲሆን፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጆን አውስተርሃውት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ሳለ የሠራው ነው። የፓይተን ቋንቋ «ቲኪንተር» በሚል ስም አብሮ ይዞት ስለሚመጣ፣ ፓይተን የሚማር ተማሪ የመጀመሪያ መስኮቱን የሚከፍተው ብዙውን ጊዜ በእሱ ነው።

ክርክሬ አጭር ነው። ሊስትቦክስ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ሳይነኩት የሚተዉት ቅንብር ግን «ምንም ያልተወሰነበት» ማለት አይደለም። ፕሮግራመሩ ያልወሰነውን ሌላ ሰው፣ ሌላ አገር ሆኖ፣ ለሌላ ሥራ ብሎ ከ30 ዓመት በፊት ወስኖለታል። የዚያ ውሳኔ ዋጋ የሚከፈለው ደግሞ ቅጹን በሚሞላው ሰው ነው፤ ፕሮግራመሩ ላያየውም ይችላል።

ነገሩ እንዲጨበጥ ምሳሌ እንያዝ። ባሕር ዳር ላይ የጣናን የጀልባ ጉዞ የሚያዘጋጅ አንድ ማኅበር አለ እንበል። ጎብኚው ከአንደኛው ዝርዝር የሚነሳበትን ቦታ፣ ከሁለተኛው የሚጎበኛቸውን ገዳማት ይመርጣል። ፕሮግራሙን የሚሠራው ገና የሚማር ልጅ ነው።

ክፍት ቦታ የሚያመጣው ጣጣ

ልጁ የመነሻ ቦታዎቹን በአንድ መስመር «ባሕር ዳር ዘጌ ጎርጎራ» ብሎ ጽፎ ከዝርዝሩ ጋር ለተያያዘው ተለዋዋጭ ይሰጠዋል። ስክሪኑ ላይ ሦስት ስም ይጠብቃል፤ የሚመጡት ግን አራት ናቸው፦ ባሕር፣ ዳር፣ ዘጌ፣ ጎርጎራ። ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች ማለት ነው።

ምክንያቱ ከቲኬ ሥር ያለው «ቲክል» የሚባለው ቋንቋ ነው። ቲክል ዝርዝር ሲያነብ ክፍት ቦታን የሚቆጥረው እንደ መለያ አጥር ነው። ይህ እኛን ለይቶ የሚያጠቃ ነገር አይደለም፤ ኒው ዮርክም ከገባች እንደዚያው ትከፈላለች። የእኛ የቦታ ስም ግን ሁለትና ሦስት ቃል መሆን ልማዱ ነው፦ ደብረ ታቦር፣ ፍኖተ ሰላም፣ አዲስ ዘመን፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት። ስለዚህ ሌላው አልፎ አልፎ የሚገጥመው ወጥመድ ለእኛ የዕለት ተዕለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስሞቹን በአንድ መስመር ከማስረግ እያንዳንዱን በጥቅስ ለይቶ እንደ ፓይተን ዝርዝር መስጠት ይበቃል። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። በድሮው አጻጻፍ «ባሕር፡ዳር» ብንል ኖሮ ስሙ ሳይከፈል ይቀር ነበር። ቲክል ሁለት ነጥብን እንደ ክፍት ቦታ ስለማይቆጥረው፣ እኛ ቃል የምንለይበት ምልክት ለእሱ ተራ ቁምፊ ነው።

ያልታየ አይመረጥም

ሊስትቦክስ ካልተነገረው በቀር ቁመቱ 10 መስመር ነው። ስክሮል ባር ደግሞ ራሱ አያመጣም፤ ፕሮግራመሩ ለብቻው ፈጥሮ ከዝርዝሩ ጋር ማገናኘት አለበት። የጣና ደሴቶች በተለምዶ 37 ናቸው ይባላል። ልጁ ሁሉንም ቢደረድራቸው 10ሩ ብቻ ይታያሉ፤ 27ቱ ከታች አሉ፣ መኖራቸውን የሚጠቁም አንዳች ምልክት ግን የለም። በፊደል ተራ ከተደረደሩ «ጣ» ወደ መጨረሻው ስለሚወድቅ፣ ጣና ቂርቆስን ፈልጎ የመጣ ጎብኚ «እዚህ አይወስዱም ማለት ነው» ብሎ ይመለሳል። ስህተት የሚል መልእክት አይወጣም፤ ሰውየው ብቻ ይሄዳል።

ስፋቱም እንዲሁ ነው። ነባሪው 20 ቁምፊ ሲሆን፣ አንድ ቁምፊ የሚለካው በዜሮ አኃዝ ስፋት ነው። የግዕዝ ፊደል አብዛኛው ከዜሮ ይሰፋል፤ ስለዚህ 20 ተባለ እንጂ 20 ፊደል አይዝም። ረጃጅም ስሞች ጫፋቸው ይቆረጣል፤ መጀመሪያቸው አንድ ዓይነት ሆኖ መጨረሻቸው የሚለይ ከሆነ ደግሞ ለመለየትም ያስቸግራሉ።

አንዱ ሲመረጥ ሌላው ሲጠፋ

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ጎብኚው ከመጀመሪያው ዝርዝር «ባሕር ዳር»ን መረጠ፤ ስሙ ደመቀ። ወደ ሁለተኛው ዝርዝር ሄዶ «ናርጋ ሥላሴ»ን ሲነካ፣ «ባሕር ዳር» ላይ የነበረው ድምቀት ጠፋ። ተመልሶ ባሕር ዳርን ሲመርጥ ደግሞ ናርጋ ሥላሴ ጠፋ። ፕሮግራሙ «መነሻው የት ነው?» ብሎ ዝርዝሩን ሲጠይቅ ባዶ መልስ ያገኛል።

የዚህ መነሻ «ኤክስፖርትሰሌክሽን» የሚባለው ቅንብር ነው። ቲኬ የተወለደው «ኤክስ» በሚባለው የዩኒክስ የመስኮት ሥርዓት ላይ ነው። እዚያ አንድ ነገር አድምቀህ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ የማውሱን መካከለኛ ቁልፍ ብትጫን ያደመቅከው ይለጠፋል። ለዚህ እንዲመች በአንድ ጊዜ አንድ የደመቀ ነገር ብቻ ባለቤት ይኖረዋል፤ አዲስ ሲመጣ የድሮው ይለቃል። ሊስትቦክስ ይህን ልማድ እንደ ነባሪ ወረሰ። ማንም ሰው ገዳም የሚመርጠው ስሙን ሌላ ቦታ ለመለጠፍ ባይሆንም፣ ዊንዶውስ ላይም ቢሆን ሁለት ዝርዝሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ ይህ ውርስ ይሠራል።

መፍትሔው አንድ ቃል ነው፤ ቅንብሩን «ሐሰት» ማድረግ። የእኔ ቅሬታ ግን መፍትሔ የለም የሚል አይደለም። የቲኬ መመሪያ ይህን ቅንብር ከቀለም፣ ከጠርዝና ከፊደል ቅርጽ ጋር በአንድ ረድፍ «መደበኛ አማራጮች» ብሎ ይዘረዝረዋል። ቀለም ቢሳሳት ያስጠላል እንጂ የሰውን መልስ አያጠፋም። መልስ የሚያጠፋ ቅንብር ከቀለም ጎን መሰለፍ አልነበረበትም፤ ነባሪውም «አይ» መሆን ነበረበት።

አንድ ወይስ ብዙ?

ሊስትቦክስ አራት የመምረጫ ስልት አለው። «ሲንግል» እና «ብራውዝ» አንድ ብቻ ያስመርጣሉ፤ «መልቲፕል» በየንክኪው አንዱን ይጨምራል ወይም ያነሳል፤ «ኤክስቴንድድ» ደግሞ ብዙ የሚያስመርጠው ኮንትሮል ወይም ሺፍት ቁልፍ ይዞ ለሚጫን ነው። ነባሪው «ብራውዝ» ነው። ለመነሻ ቦታ ልክ ነው፤ ሰው ከሁለት ቦታ አይነሳም። ለገዳማቱ ግን «መልቲፕል» ይሻላል። ኮንትሮል ይዞ መጫንን ሁሉም ሰው አያውቀውም፤ አስጎብኚው በጣት የሚነካ ስክሪን ከያዘማ ቁልፉም የለም።

አንድ የጎደለውም ነገር አለ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡባቸውም። ጥሩ ዝርዝር ይህን ሲመረጥ ወይም ከመመረጡ በፊት መናገር አለበት። ሊስትቦክስ ግን አንድን መስመር ለይቶ መዝጋት አይችልም፤ ወይ ሙሉ ዝርዝሩ ይዘጋል ወይ ሁሉም ክፍት ነው። መስመሩን ግራጫ መቀባት ይቻላል፣ የተቀባው ግን እንደ ሌላው ይመረጣል። ይሄ የማታለል ያህል ነው። ስለዚህ ማብራሪያውን ከስሙ ጎን በጽሑፍ ማስፈር ይሻላል።

ባሌ በሁለቱ ባሕር ዳሮች መካከል

እስካሁን ያየነው የመሣሪያው ጠባይ ነው። ተራ ላይ ስንደርስ ግን ጥፋቱ የመሣሪያው ብቻ አይሆንም። ሊስትቦክስ አይደረድርም፤ የሰጡትን እንደሰጡት ያሳያል። ፕሮግራመሩ በፓይተን ሲደረድር ተራው የሚሆነው የዩኒኮድ ቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) በወጣው 3.0 እትም ነው፤ «ሀ» 4608 ቁጥር ይዞ ይጀምርና በሀ ለ ሐ መ ተራ ይቀጥላል።

ተራው ያው የምናውቀው ነው፤ ችግሩ ያለው ከሞክሼዎቹ ነው። ከተለያየ ሰው የተሰበሰበ መረጃ ውስጥ ከተማችን «ባህር ዳር» ተብላም «ባሕር ዳር» ተብላም ትገባለች። «ህ» 4613፣ «ሌ» 4620፣ «ሕ» 4629 ነው። ስለዚህ ሲደረደር መጀመሪያ ባህር ዳር፣ ቀጥሎ ባሌ፣ ቀጥሎ ባሕር ዳር ይመጣል። አንዲት ከተማ ሁለት ሆና መካከሏ ላይ ባሌ ገባ! «አባይ ማዶ» እና «ዓባይ ማዶ» ደግሞ ከዚያም ይራራቃሉ፤ ክብራን ገብርኤልም ወረታም መካከላቸው ይገባሉ።

ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከአንዱ አጻጻፍ የመረጡት ሰዎችና ከሌላው የመረጡት ሲደመሩ እንደ ሁለት ቦታ ነዋሪ ይቆጠራሉ። መፍትሔው የሰዎችን አጻጻፍ መቀየር ሳይሆን፣ ለማወዳደሪያ ብቻ የሚያገለግል ስውር ቅጂ ማዘጋጀት ነው። በዚህ ቅጂ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይጠቃለላሉ፤ ክፍት ቦታም ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፤ ዓ ወደ ኣ ቢመለስ «ዓባይ» «ኣባይ» ይሆናል እንጂ «አባይ» አይሆንም። ስለዚህ በእነዚህ የጉሮሮ ፊደላት ግዕዙና ራብዑም መዋሃድ አለባቸው። ስክሪኑ ላይ ግን አንድ የተመረጠ አጻጻፍ ብቻ ይታይ።

ቁጥሩ የማን ነው?

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ነው። ሊስትቦክስን «ምን ተመረጠ?» ብትሉት ስም አይመልስም፤ የመስመር ቁጥር ይመልሳል፣ ያውም ከዜሮ ጀምሮ። ሰነፍ ፕሮግራም ያንን ቁጥር እንዳለ መዝገብ ላይ ያስቀምጠዋል።

የከተማ አስተዳደሮችን ትተን የክልሎችን ዝርዝር በፊደል ተራ እንደርድር። ክልሎቹ 9 በነበሩ ጊዜ ሐረሪ 0፣ ሶማሌ 1 ነው። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ሲሆን 1 ቁጥር የሲዳማ ሆነ፤ ሶማሌ ወደ 2 ወረደ። በ2015 ዓ.ም. ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሲመጣ 1 ቁጥር የእሱ ሆነ። ዝርዝሩ ሲታደስ አሮጌው መዝገብ ግን «1» እንዳለ ነው። ያው ሰው፣ ቤቱ ሳይነቃነቅ፣ በሦስት ጊዜ ሦስት ክልል ይኖራል። መዝገቡ ውስጥ መግባት ያለበት የማይለወጥ መለያ ነው እንጂ የመስመሩ ተራ አይደለም።

ታዲያ እንጣለው?

«ቲኬ አሮጌ ነው፤ ዛሬ ሁሉም ነገር ድረ ገጽ ላይ ነው» የሚል አይጠፋም። ድረ ገጽ ግን የራሱ ኃጢአት አለው። እዚያ ተዘርጊው ዝርዝር ካልተከለከለ በቀር የመጀመሪያውን ስም ራሱ መርጦ ይጠብቃል። በአማርኛ ከተደረደረ ክልሉን ያልነካ ሰው ሁሉ ሐረሪ ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ወይም አፋር። ሊስትቦክስ በዚህ ይበልጠዋል፤ ሲከፈት ምንም አልተመረጠም፣ ያልመለሰ ሰውም ያልመለሰ ሆኖ ይታወቃል። ይህን አንድ ጠባዩን ሌሎቹም ቢማሩት እወዳለሁ።

ስለዚህ አንጣለው፤ ከማስረከባችን በፊት ግን እንፈትነው። ሁለትና ሦስት ቃል ያላቸውን ስሞች አስገቡበት። 37ቱንም ደሴት ደርድሩና የመጨረሻውን ለማግኘት ሞክሩ። ሁለት ዝርዝር ጎን ለጎን አቁማችሁ በየተራ ምረጡ። ባህር ዳርንና ባሕር ዳርን አብራችሁ ክተቱ። መሃል ላይ አንድ አዲስ ስም ጨምሩና ትናንት የተመዘገበው ዛሬ ማን ተብሎ እንደሚነበብ እዩ። አስተማሪዎችም ተማሪው ያመጣውን መስኮት ስታርሙ ቀለሙን ከማየታችሁ በፊት እነዚህን አምስቱን ሞክሩ። ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።